አክስቴ ከሚስፈላ

ሀያት «ቆነጠጠችኝ» የሚለውን ቃል ደጋግማ ስታደምቀው እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው።

በሳዑዲ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህራቸው ጋሽ ገብረ ኪዳን «የልጅነት ትዝታችሁን ጻፉ» ብለው አዘዋል። ሐሙስ የወላጆች ቀን ነው፤ ሁሉም የጻፈውን መድረክ ላይ ያነባል። ሰፊያም ትመጣለች። ሀያት የምትጽፈው ለዚያች ቀን ነው፤ መቶ ሰው ፊት ሰፊያን አንገቷን ልታስደፋት።

ሰፊያ የአጎቷ ሚስት ናት። ወላጅ እናቷ ሀጂራ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የቤት ሠራተኛ ልጇን በኢቃማዋ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ፣ ማስመዝገብ ስለማትችል፣ ሀያት በአጎቷ ኢቃማ የሰፊያ ልጅ ተብላ ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ሰፊያ «ማማ»፣ እናቷ ደግሞ «አክስቴ» ሆኑ።

የተቆነጠጠች ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ለዒድ ፈቃድ አግኝታ ከመካ የአጎቷ ቤት ወዳለበት ሰፈር፣ ሂንዳዊያ መጣች። በሩ ተዘግቷል፤ ከቤተሰብ በቀር ሰው የለም። ሀያት ረስታ «እማ!» ብላ ተጠመጠመችባት። ሰፊያ ከእቅፏ መንጭቃ አወጣቻትና ክንዷን እስኪጠቁር ቆነጠጠቻት።

«ማን ናት? ንገሪኝ፣ ማን ናት?»

«አክስቴ።»

እናቷ አቀርቅራ ምንጣፉን ታይ ነበር።

«አንቺ! ይሄን ልታነቢው ነው?»

ከኋላዋ ቆሞ ያነበበው የሰፊያ ልጅ አዲል ነው።

«ምን አገባህ?»

«ወላሂ አብደሻል። እናቴን ታዋርጃታለሽ፣ እሺ። ግን ኢቃማሽ ውሸት መሆኑን ያ ሁሉ ሰው ይሰማል። አንዱ ቢያወራ ማን ነው የሚባረረው? አንቺ። ቀጥሎ እናትሽ። ኸላስ!»

እሱ ሲወጣ ሀያት ወረቀቱን ገንጥላ ደቃቅ አድርጋ ቀደደችው። ንዴቷ ግን አብሮ አልተቀደደም። ክንዷን ዳሰሰች፤ ምልክቱ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ቦታውን ግን አልረሳችውም።

አዲስ ገጽ ገለጠች። «ከሚስፈላ የምትመጣ አንዲት አክስት አለችኝ» ብላ ጀመረች። ዒዱን ጻፈች፤ የተዘጋውን በር፣ እቅፉን፣ ቁንጥጫውን ጻፈች። «እማ» ማለቷንም የቆነጠጠቻትን ሴት ስምም አልጻፈችም፤ ሰፊያ ስትሰማ ግን ራሷን ታውቃለች። «አክስቴም ምንጣፉን ታይ ነበር» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሰረዘችው። እሱን መድረክ ላይ አታነበውም፤ አንድ ቀን እናቷን ብቻዋን ትጠይቃታለች።

ሰፊያ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ አለች። «የኔ ልጅ፣ ጨረስሽ? ስለ እኔ ነው አይደል?»

«ስለ አክስቴ ነው፣ ማማ።»

ፎጣው ሰፊያ እጅ ላይ ቀጥ አለ።

ሀያት ደብተሩን ከደነች። «ሐሙስ ከፊት ወንበር ተቀመጪ እሺ? በደንብ እንድትሰሚኝ።»