በጓሮ በኩል የተደፈነው ቀዳዳ

አቶ ገብረ ማርያም እንደተኙ ቀሩ። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቧል፤ አንድ እጃቸው ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ከእግራቸው በኩል የከሰል ማንደጃ አለ፤ ከሰሉ ነዶ ነዶ አመድ ሆኗል። መስኮቱ ዝግ ነው። በሩን ጠዋት የከፈተችው ልጃቸው ጥሩዬ ናት፤ ከጎረቤት ለቅሶ አድራ ስትመለስ።

ኢንስፔክተር የሺሃረግ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ጂንካ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ጓንቱን እያወለቀ ነው።

«ከሰል ነው ያፈናቸው» አላት። «ቁስል የለም፣ የትግል ምልክት የለም።»

የፖሊስ አዛዡም በስልክ ያንኑ ደገመላት።

«የሺ፣ አደጋ ነው። መዝግቢና ሬሳውን ለቤተሰብ ስጪ።»

«አይቼ እመዘግባለሁ፣ ጌታዬ።»

«ምኑን ነው የምታይው?»

«ቤቱን» አለችና ስልኩን ዘጋች።

የሺሃረግ ዕድሜዋን ሙሉ ተከራይታ የኖረች ሴት ናት። ተከራይ ደግሞ ቤት ማየት ያውቃል፤ የትኛው ግድግዳ እንደሚያለቅስ፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ፣ ባለቤቱ ሳይነግረው ይነቃበታል። ስለዚህ ሬሳውን ለሐኪሙ ትታ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ጥሩዬ በረንዳው ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ከአጥሩ ሥር ሴቶች ይንሾካሾካሉ፦ «ምስኪን፣ አባቷን በገዛ እጇ።»

«ማንደጃውን ያስገባሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት የሺሃረግ።

«እኔ ነኝ።»

«ከሰል በተዘጋ ቤት እንደሚገድል ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም። አባቴም ያውቅ ነበር። ቁርጥማት አለበት፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጉልበቱ አያስተኛውም። ለዚሁ ብሎ ቤቱን ሲሠራ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ አናት ላይ፣ በጓሮ በኩል፣ መተንፈሻ ቀዳዳ ትቷል። ሌላውን ዙሪያውን ለአይጥ ብሎ እስከ ቆርቆሮው ደፍኖታል። ከልጅነቴ ጀምሮ እሳት እዚያ ክፍል ያድራል፤ አንድ ቀን ራሱን አሞት አያውቅም።»

«እኔ ከውስጥ ቀዳዳ አላየሁም።»

«አምና ያሠራሁት የጆንያ ኮርኒስ ሸፍኖት ነው። ጆንያ አየር ያሳልፋል። አላምንም ካሉ ይሂዱና ከጓሮ ይዩት፤ ክፍት ነው።» ወደ ሴቶቹ ዞር አለች፤ እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እሳቱ የእኔ ነው። ሞቱ ግን የእኔ አይደለም።»

የሺሃረግ ብቻዋን ወደ ጓሮ ዞረች። ከክፈፉ ሥር ሦስት ቀዳዳዎች በተርታ አሉ፤ እያንዳንዳቸው ቡጢ ያስገባሉ። ሁለቱ ክፍት ናቸው። ሦስተኛው በጭቃ ተደፍኗል።

ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ የትኛው ወደ የትኛው ክፍል እንደሚገባ አያስታውቅም። እሷም ገመድ ወስዳ ከማዕዘኑ ጀምራ በውጭ ለካች፤ ገብታ ደግሞ በውስጥ ለካች። ሁለቱ የዕቃ ቤቱ ናቸው። የተደፈነው የመኝታ ቤቱ ነው።

በርጩማ ላይ ወጥታ ጠጋ ብላ አየች። ትናንት ምሽት ዝናቡ ከነፋስ ጋር ከዚህ ወገን ነበር የመጣው፤ ግድግዳው ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ጎድጉዷል። ቀዳዳውን የደፈነችው ጭቃ ግን አንዲት የጠብታ ምልክት የለባትም። የሰው ጣት ብቻ ነው ያለባት፤ አራት ጣት ጎን ለጎን፣ ጥልቅ ብሎ። ጭቃው ቀይ ነው፣ ጭድ የለውም፤ ከደጅ ካለው የመንገድ ቦይ ጭቃ ጋር አንድ ነው። እማድ ቤቱ አጠገብ ደግሞ ጥሩዬ ለጥገና ያቦካችው ጭቃ በአሮጌ ቆርቆሮ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ጥቁር፣ ጭዱ የበሰበሰ፣ ሽታው አፍንጫ የሚመታ።

የሺሃረግ ድፍኑን በቢላ ዙሪያውን ፈልፍላ ሳይሰበር አወጣችው፤ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለጥሩዬም፣ ለሐኪሙም፣ ለአዛዡም ትንፍሽ አላለችም።

ደላላው ወንደሰን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አጥሩ ሥር ተገኘ። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲያወራ እጁ አያርፍም።

«ወንደሰን፣ ቤት ሊሸጥ ሲል ምን ምን ታስጠግናለህ?»

«ልትሸጪ ነው እንዴ ኢንስፔክተር? ቤት እንደሌለሽ ነው የማውቀው።»

«ልማር ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ቤት የሚሸጠው በፊቱ ነው። በሩን ቀለም ታስቀቢዋለሽ፣ በረንዳውን ታስለስኚዋለሽ፣ የቆርቆሮውን ምስማር ታስጠብቂዋለሽ። ምሰሶው በምስጥ ከተበላ ግን አትደብቂ፤ ገዢው በመጀመሪያው ዝናብ ያገኘዋል፤ አንቺ ሌባ ብሎ ገበያ መሀል ያዋርድሻል። ለገዢ ስሆን ደግሞ ሌላ ነው የምለው፦ ቤት በፀሐይ አትዪ። ዝናብ እየጣለ ግቢ፣ ኮርኒሱን ቀና ብለሽ እዪ፣ የግድግዳውን እግር ዳብሺ። ግድግዳ የሚወድቀው ከእግሩ ነው። ጎርፍ ማስኬጃውን በየጊዜው የጠረገ ሰው ቤቱን ለልጅ ልጁ ያወርሳል።»

«ጓሮውስ?»

«ጓሮ ላይ አንዲት እፍኝ ጭቃ አታባክኚ። ገዢ ጓሮ የሚሄደው ሽንት ቤቱን ሊያይ ነው፤ እሱንም አፍንጫውን ይዞ።»

የሺሃረግ ልትስቅ ነበር፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላት። «ይህን ቤት ሽጥ ያለህ ማነው?»

«ፋንታሁን፣ ወንድ ልጃቸው፤ ቱርሚ የሚኖረው። እኔም ገዢ አመጣሁ፣ ኤልያብን፣ የዩኒቨርሲቲውን መምህር። ሳሎን ገና ከመቀመጣችን ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡብን። ‹ቤቴ የጥሩዬ ነው፤ እሁድ ሽማግሌ ፊት እናዘዛለሁ› ብለው አባረሩን። ለፋንታሁን ደውዬ ነገርኩት፤ ሰው ማስለፋት ነውር ነው።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

ኤልያብም ባጃጅ ይዞ መጣ፤ ሽማግሌውን አንድ ቀን ቢያያቸውም ሞታቸው አሳዝኖታል። ልጆቹን የሚያሳድግበት ቤት ነበር የሚፈልገው።

«የአቶ ገብረ ማርያም መኝታ ቤት በየት በኩል ነው?» አለችው።

«ከሳሎኑ በስተቀኝ መሰለኝ። በሩ ዝግ ነበር።»

በስተቀኝ ያለው ዕቃ ቤቱ ነው። የሺሃረግ አመስግናው አለፈች።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የፋንታሁን አይሱዙ በር ላይ ቆመ። ጋቢውን ጣል አድርጎ፣ ፊቱ በአቧራ ተለውሶ፣ «አባዬ» እያለ ገባ። አልቅሶ ሲያበቃ የመጀመሪያ ሥራው ድንኳኑ ከዚህ ተነሥቶ አክስቱ ቤት እንዲተከል ማዘዝ ነበር።

«ሰው በታፈነበት ግቢ አንቀመጥም» አለ። «አንቺም ልብስሽን ሰብስቢ፣ ጥሩዬ። ቱርሚ እወስድሻለሁ።»

«አልሄድም።»

«እዚህ ምን ቀረሽ?»

«ቤቴ።»

የሺሃረግ ወደ ጎን ጠራችው።

«ጂንካ መጨረሻ የመጣኸው መቼ ነው?»

«ካለፈው ወር ወዲህ አልመጣሁም። ትናንት ቱርሚ ነው ያደርኩት። ጠዋት ጥሩዬ ደውላ ‹አባታችን ሞተ› አለችኝ፤ ሌላ ነገር ሳትጨምር አለቀሰች። ወዲያው ተነሣሁ።»

«እሳት ታስገባ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ኢንስፔክተር፣ እህቴ ናት፣ አልፈርድባትም። ሞኝነት ነው። ቤቱ ለሽያጭ እንዲያምር ብላ ያቺን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነች፤ ደፍና ደግሞ እሳቱን አስገባች። ምን ይደረጋል?»

የሺሃረግ ቀስ ብላ ቀና አለች። «ቤቱስ?»

«ሸጠን እንካፈላለን። እሷም ያልፍላታል።»

አዛዡ እንደገና ደወለ። «ሬሳው ለምን አልተለቀቀም? ቀብር ሊያልፋቸው ነው፤ ሽማግሌዎች እዚህ ድረስ መጥተው እየወቀሱኝ ነው።»

«እኔንም ይውቀሱኝ። ሰዎቹን ሳሎን ሰብስቤያለሁ፤ ስጨርስ እለቃለሁ።»

ሳሎኑ ጠባብ ነው። ኤልያብና ወንደሰን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፋንታሁን የአባቱን ወንበር ያዘ። ጥሩዬ ቆመች። ከበሩ አጠገብ ጎረቤታቸው ኤርጎ ተቀመጠ፤ ወንድሙ የሞተበት፣ ትናንት ለቅሶው የነበረው እሱ ቤት ነው። አንድ ፖሊስ ከውጭ በሩን ይዞ ቆሟል።

የሺሃረግ ፌስታሉን ፈትታ ጭቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ጥሩዬ ጠጋ አለች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ከአባትሽ መኝታ ቤት ቀዳዳ ያወጣሁት ነው።»

ጥሩዬ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገች።

«እሳቱ ድሮም ይገባ ነበር» አለች የሺሃረግ። «ስለዚህ የጠየቅሁት ማን እሳት አስገባ ብዬ ሳይሆን ትናንት ምን ተለወጠ ብዬ ነው። የተለወጠው ይህ ነው። ለሽያጭ ተጠግኖ ነው እንዳልል፣ ወንደሰን ራሱ ጓሮ ላይ ጭቃ አይባክንም ብሎኛል።»

«ብያለሁ» አለ ወንደሰን።

«ደግሞም ግድግዳውን ዝናብ በስቶታል፤ ይህን አልነካውም። ስለዚህ የተደፈነው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ እሳቱ ገብቶ፣ ሽማግሌው ተኝተው ሳሉ። ኤርጎ፣ ጥሩዬ ያን ጊዜ የት ነበረች?»

«እኛ ቤት ነበረች» አለ ኤርጎ። «ዝናብ ሳይመጣ መጣች። ለሰው ሻይ አፈላች። ዶሮ ሲጮህ ሄደች። ሰው ሁሉ አይቷታል።»

«ይሁን፣ ተደብቃ ወጥታ ነበር እንበል። ጓሮዋ የቦካ ጭቃ ሞልቶ ከቦይ ጭቃ ታመጣለች? ይኸው፣ ቀይ ነው፣ ጭድ የለውም፤ ከመንገዱ ቦይ የተዛቀ ነው። ያመጣው ሰው የቦካ ጭቃ እንዳለ አያውቅም፤ በቅርብ ይህን ግቢ አላየም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቀዳዳው ክፍት ነው፣ ሂጂና እዪ ብላ የላከችኝ ራሷ ናት። የደፈነ ሰው ሂዱና እዩ አይልም።»

ፋንታሁን ጋቢውን ሰበሰበ። «እና ማን ነው የምትይው? ደላላው? ገዢው?»

«ሦስት ቀዳዳ አለ። ከውጭ አይለዩም፤ ከውስጥ ኮርኒስ ሸፍኗቸዋል። እኔ እንኳ በገመድ ነው የለየሁት። ኤልያብ መኝታ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም፤ ወንደሰንም ከሳሎን አላለፈም። ደፋኙ ግን በጨለማ መጥቶ ሁለቱን ትቶ አንዷን መረጠ። ኮርኒሱ ሳይሠራ በፊት እዚህ ቤት የኖረ ሰው ነው።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው።»

«ልክ ነህ። ከግምት ያወጣኸኝ አንተ ነህ። እኔ የጠየቅሁህ ስለ እሳት ነበር፤ ቀዳዳውን በጭቃ ደፈነችው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። ማን ነገረህ?»

«ስገባ አየሁት።»

«አንተ ስትገባ ይህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቀዳዳው ክፍት ነበር።»

«ጥሩዬ ናት፣ በስልክ።»

«ጥሩዬ ያየችው አሁን አንተ ፊት ነው። በስልክም ‹አባታችን ሞተ› ከማለት ሌላ አልጨመረችም፤ ይህንም የነገርከኝ አንተው ነህ።» ጭቃውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «አራት ጣት አለበት። ና፣ እጅህን አስቀምጥበት።»

ፋንታሁን እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ሁሉም ዓይናቸውን ጋቢው ላይ ተከሉ፤ እጆቹ ግን አልወጡም።

«የበኩር ልጁ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እሁድ ሽማግሌ ሰብስቦ እኔን እንደሌለ ሊቆጥረኝ ነበር።»

«ሌሊቱን ነድተህ ቱርሚ ተመለስክና ስልኬን ጠበቅህ» አለች ጥሩዬ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «አባቴ ቀዳዳዎቹን ሲተው አንተ መሰላሉ ሥር ቆመህ ጭቃ ታቀብል ነበር። እኔ ጭድ እበትን ነበር። ‹ይቺ የእኔ ናት፣ እንዳትደፍኗት› ብሎ አሳየን። እሷን አስታውሰህ መጣህ።»

ፖሊሱ ገብቶ ፋንታሁንን ሲይዘው እንኳ እጆቹን ከጋቢው ለማውጣት ተለመነ።

የሺሃረግ ስልኳን አወጣች። «ጌታዬ፣ መዝግቤያለሁ። አደጋ አይደለም።» የአዛዡን መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው።

ሬሳው ለቀብር ሲዘጋጅ ወንደሰን ጥሩዬ አጠገብ ቀረበ፤ ቆቡን አውልቆ በእጁ እያዞረው ነው።

«ጥሩዬ፣ በክፉ አትይብኝ። ለአንቺ ብዬ ነው። ሰው የተገደለበት ቤት ዋጋው ይወድቃል። ወሬው ሳይሰፋ ካሰብሽበት ግን…»

«ወንደሰን፣» አለችው፣ «ዋጋው የሚወድቀው የሚሸጥ ቤት ነው።»

ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣች። ጎረምሶች የድንኳኑን እንጨት ተሸክመው ወደ አክስቷ ቤት ሊወጡ በሩ ላይ ደርሰዋል። ጠዋት ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሴቶችም አብረው ለመሄድ ተነሥተዋል።

«መልሱት» አለች ጥሩዬ። «ድንኳኑ የሚተከለው እዚህ ነው።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ።