ማክሰኞ የአባቴ ተራ ነው

«ለመላው የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ» አለች ሚኒስትሯ፣ አፏን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠግታ፣ «በቤታችን ዘወትር ማክሰኞ የእራት ዕቃ የሚያጥበው አባቴ መሆኑን ስገልጽ ክብር ይሰማኛል።»

ድምፅ ማጉያው ቃሉን ግቢው ላይ በተነው። ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ለአፍታ ቆሙ። የምርጫ ውጤት የተነገረ ነበር የሚመስለው።

ሚኒስትር የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ በረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ላይ አሥር ደቂቃ አላት። አሥሯን ደቂቃ ለሦስት ትከፍላታለች፦ ለፖለቲካ፣ ለሙዚቃና ለኑሮ። የዚያን ዕለት በፖለቲካው፣ አዲስ በተመረጠው የከተማ ምክር ቤት ከአሥራ ዘጠኙ ወንበር ሴቶች ያገኙት ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ ከሁለቱ አንዷም ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ መደረጓን ተናገረች። በሙዚቃው፣ ሰሞኑን ሁሉም ሰው የሚያንጎራጉረውን ዘፈን ብትንትኑን አወጣችው። ዘፋኙ ልጅቷን «አንቺ ቁንጅናሽን ብቻ ጠብቂ፣ ሌላውን ለኔ ተዪው» ይላታል። «ሌላው ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች ሚኒስትሯ። «ሕይወቷ ነው?» ሴቶቹ አጨበጨቡ። ወንዶቹ ዘፈኑን አልተዉትም፤ ግን ድምፃቸውን ቀንሰው መዝፈን ጀመሩ። ይህም አንድ ነገር ነው።

ያስቸገራት ኑሮ ነበር። ጠዋት ከደወል በፊት የጀመረችው ጽሑፍ «በቤታችን ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እናቴ ናት» ይላል። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ችግሩ የመጣው ከሱ ቀጥሎ ነው፤ አባቷን ከወቀሰች በኋላ ማን እንደሚቀር አሰበችና እስክሪብቶዋ ቆመ። ቤት ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሰረዘችው። በምትኩ ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈ የሥራ ክፍፍል ፈጠረች፤ ለአባቷ ማክሰኞን፣ ለራሷ ሐሙስንና ቅዳሜን መደበች። ለራሷ ሁለት ቀን መስጠቷ በልግስና ነው።

ወሬው እዚያው ግቢ ውስጥ የሚቀር መስሏት ነበር።

አባቷ የሆቴል ሼፍ ነው። በሥሩ አሥራ ሁለት ሰው ያዛል፤ ሽንኩርት ሌላ ቦታ እያየ ይከትፋል። ቤት ሲገባ ግን ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ይዘረጋል፤ ውሃ እንኳ የሚጠጣው ሲመጣለት ነው። «ቀኑን ሙሉ ኪችን ተገትሬ የዋልኩ ሰው ነኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው። እናቷም ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ተገትራ ነው የምትውለው። እሷ ግን እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ምናልባት ለማለት የሚተርፍ ጊዜ አጥታ ይሆናል።

ሆቴሉ ውስጥ ዕቃ ከሚያጥቡት ሴቶች የአንዷ ልጅ ሚኒስትሯ ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ሐሙስ ዕለት «ለእናቴ ነገርኳት» አለቻት። አርብ ዕለት አባቷ ከሥራ ሲመለስ ሚኒስትሯ ቁጣ ጠብቃ ክፍሏ ውስጥ ተሸጉጣ ነበር። አባቷ ግን ፊቱ በርቶ ገባ። ዕቃ አጣቢዎቹ ሴቶች እጃቸውን ከአረፋው አውጥተው እንዳጨበጨቡለት፣ አንዷም «እንደ ሼፍ ያለ ባል ይብዛ» ብላ እንደመረቀችው አወራ። ሲያወራ ትከሻው እየሰፋ ሄደ። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ፣ ልጁ ብቻ እንድትሰማው አድርጎ ጠየቃት።

«ማክሰኞ ነው አይደል ያልሽው?»

«አዎ።»

«ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

እናቷ ግን ሰምታለች። እጇን በፎጣ እያደረቀች ኪችኑ መግቢያ ላይ ቆማ ነበር።

«እኔስ?» አለች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ምንድን ነው የማደርገው?»

ሚኒስትሯ ይሄን አላሰበችበትም። «ታነቢያለሽ» አለች።

«ምን?»

እናቷ ማንበብ ትወድ እንደሆነ፣ ብትወድስ ምን እንደምትወድ ሚኒስትሯ አታውቅም። ስለ ምክር ቤቱ ሁለት ሴቶች የትምህርት ደረጃቸውን ሳይቀር አጥንታለች፤ ስለዚችኛዋ ሴት ግን ምንም። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። እናቷ ጥያቄውን አልደገመችውም። ያላለቀ ድስት ነበራት፤ ወደሱ ተመለሰች።

ሰኞ ዕለት ነገሩ ባሰ። የሥነ ዜጋ አስተማሪዋ ሚኒስትሯን ቢሮ ጠርታ፣ በከተማው ታዳጊዎች ጉባኤ ላይ ትምህርት ቤቱን ወክላ የምትናገረው እሷ መሆኗን ነገረቻት። ሚኒስትሯ ይህን ጉባኤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመኘው የኖረች ልጅ ናት። አስተማሪዋ ቀጠለችና፣ ከንግግሩ ጋር የሚታይ አጭር ቪዲዮ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችሁ መጥተን አባትሽን ዕቃ ሲያጥብ እንቀርጸዋለን አለች። የማክሰኞውን ሥራ ቅዳሜ ቢያሳየን አይከፋውም አይደል? ሚኒስትሯ አይከፋውም አለች። ሌላ መልስ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

ቀራጯ ጓደኛዋ ናት፤ ስልኳ ከእጇ ስለማይጠፋ ካሜራ ነው የሚሏት። ካሜራ ከቢሮው ውጪ ጠብቃ ሁሉንም ሰማች፤ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻትና ፊት ለፊት አየቻት።

«ስንት ቀን ነው እናንተ ቤት የበላሁት? አባትሽ ማንኪያ ሲያጥብ አይቼ አላውቅም። ፉገራ ነው እንዴ?»

«እየጀመረ ነው።»

«በናትሽ። ለቲቸር ንገሪያትና ይቅለልሽ።»

«ከዚያ ማን ይሰማኛል? ‹ድሮም የሷ ነገር ውሸት ነው› ነው የሚሉት። የምክር ቤቱም፣ የዘፈኑም፣ ሁሉም አብሮ ይቀበራል።»

ይሄኛው እውነት ነበር። እውነት በመሆኑም ለመሸሸጊያ በጣም ተመቸ። ሚኒስትሯ ሳምንቱን ሙሉ እሱ ውስጥ ተደብቃ ከረመች።

ቅዳሜ ደረሰ። እናቷ የቤት ሥራ የማይበዛባት ሴት እንድትመስል ከንጋት ጀምራ ስትሠራ አረፈደች። ወለሉን ወለወለች፣ መጋረጃ ቀየረች፣ አባቷ የሚያጥበው ነገር እንዳያጣ ንጹሑን ሳህን እያወጣች ወጥ ነካ ነካ አደረገችበት። ሚኒስትሯ በበኩሏ የሥራ ክፍፍሉን በማስመሪያ አስምራ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች፤ የቆየ እንዲመስል ጠርዙን በጣቷ ፈተገችው። ማኅበራዊ ፍትሕን በዚህ ያህል ጥንቃቄ ያዘጋጀ ቤት ያለ አይመስልም።

እንግዶቹ ደጅ ሲደርሱ ሚኒስትሯ እናቷን ወደ ሶፋው እየገፋች ጋዜጣ አስያዘቻት።

«እዚህ ጋ?» አለች እናቷ፤ ሶፋውን የሰው ቤት ዕቃ እንደሆነ ሁሉ አየችው። ከዚያ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ ባቡር እንደምትጠብቅ።

አስተማሪዋ ገብታ ቤቱን አደነቀች፤ ሠንጠረዡን አነበበች፤ እናቷን በፈገግታ «ታድለው» አለቻት። እናቷ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው ያለ ነገር አጉተመተመች። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ኪችን ገቡ፤ ሳሎኑና ኪችኑ መካከል በር ስለሌለ እናቷ ከተቀመጠችበት ሁሉንም ታያለች።

አባቷ ግን አኮራ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሽርጡን ወገቡ ላይ ሸብ አደረገ፣ አሥራ ሁለት ሳህን ሳያንኳኳ አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ አደራርቆ አንዱን በአንዱ ላይ ደረደረ። ሙያው ነው። በመሃሉም ወንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ ስላለበት ኃላፊነት ሁለት ሦስት ነገር ለስልኩ ተናገረ፤ አባባሉን ከልጁ ነው የወሰደው፣ ቃል በቃል። አስተማሪዋ በየዓረፍተ ነገሩ ራሷን ትነቀንቃለች። ሚኒስትሯ ከአንድ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ አየር ሳበች።

«ሲያስቀምጧቸውም ልቅረጽና ይበቃናል» አለች ካሜራ።

አባቷ አሥራ ሁለቱን ሳህን አቅፎ ዞረ። ዞሮም ቆመ።

ስድስት የካቢኔት በሮች ፊቱ ተደርድረዋል። በክርኑ አንዱን ከፈተ፤ ሩዝና ዱቄት ነው። «እ…» አለና ሌላውን ከፈተ፤ አሮጌ ፌስታሎች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ፈገግታው አልጠፋም፤ ግን ብቻውን ቀርቷል።

«አባዬ ደግሞ» አለች ሚኒስትሯ እየሳቀች፣ «እዚህ ነው እኮ።» በልበ ሙሉነት ከማጠቢያው በላይ ያለውን በር ከፈተችው። ሻማ፣ የመድኃኒት ጠርሙስና የተሰበረ ፍርግርግ። አጠገቡ ያለውን ከፈተች፤ ባዶ ማሰሮዎች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በነዚያ ሳህኖች በልታለች፤ ከየት እንደሚመጡ ግን አይታ አታውቅም። እጇ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ።

ካሜራ ስልኳን አላወረደችም፤ ግን ልታወርድ እንደፈለገች እጇ ያሳብቅባታል።

«ከታች፣ በግራ በኩል» አለች እናቷ ከሶፋው፣ ዓይኗን ከጋዜጣው ሳታነሳ። «ሳብ አድርጉት፣ በሩ ይይዛል።»

አባቷ ሳህኖቹን እንዳቀፈ ወለሉን አየ። አስተማሪዋ ሳቅ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች፤ የራሱን ቤት ያየ ሰው ሳቅ እንጂ የሰው ቤት ጉድ የሰማ ሰው ሳቅ አልነበረም። እናቷ ጋዜጣውን አጥፋ ጎኗ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፤ ልጇን ብቻ አየቻት፤ ያ ከቁጣ ይብስ ነበር።

«ላጥፋው?» አለች ካሜራ፣ በሹክሹክታ።

ሚኒስትሯ የበሩን እጀታ ለቀቀች። ሳህኖቹን ከአባቷ እጅ ተቀበለችና ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አታጥፊው» አለች። «ግን እኔን ቅረጪኝ።»

ተንበርክካ ከታች በግራ በኩል ያለውን በር ሳበችው። ያዘ። እንደገና፣ ጠንከር አድርጋ ሳበችው።