ግራ እጅዎን ያንሱ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በምንሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ነው የሆነው።

መጀመሪያ ስለ ጋሼ ልንገራችሁ።

ጋሼ የላስቲክ ጭንቅላት ነው። ሰው አፍ ውስጥ እጃችንን ከመክተታችን በፊት ዓመቱን ሙሉ ጥርስ መቦርቦርና መሙላት የተለማመድነው በእነዚህ ጭንቅላቶች ነው። ብረት ላይ ተሰክተው፣ አገጫቸው ሥር ጨርቅ ታስሮላቸው ተደርድረዋል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ደረሰን። የኔው ፊቱ ሽማግሌ ስለሚመስል "ጋሼ" አልኩት።

መምህራችንን "ሲሚንቶ" ነው የምንለው። ፊቱ አንዴ ከደረቀ አይፈታም። እሱ ታዲያ ላስቲኩን እንደ ታካሚ እንድናናግረው ያስገድደን ነበር። ከመጀመራችን በፊት "ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ" ማለት ግዴታ ነው።

ከአንገት በታች ለሌለው ፍጡር እኮ ነው። በሳቅ እንፈርስ ነበር።

የዚያን ቀን ግን ሳቅ የለም። ከላስቲክ ወደ ሰው የምንሻገርበት የመጨረሻው ቀን ነው። ታካሚ ያላቀረበ ዓመቱን ይደግማል። እናቴ ደግሞ "ዶክተሯ ልጄ" እያለች ሰፈሩን አዳርሳለች።

ታካሚዬ ወንድሜ ነበር። ጥርሱ የበሰበሰ፣ ወሬው ግን የጀግና። መርፌው ትዝ ሲለው እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ፤ ስልኩንም ዘጋ።

አለቀልኝ ብዬ ወደ ሥራ ቦታዬ ስመለስ...

ወንበሬ ላይ ሰው ተኝቷል።

ሽማግሌ ናቸው። ጨርቁ እስከ አገጫቸው ተስቧል፤ ሰውነታቸው አይታይም።

"አባባ፣ ማን ልኮዎት ነው?"

"አንቺው ነሽ እንጂ" አሉ በሹክሹክታ።

ጠረጠርኩ። ወንድሜ አፍሮ የላካቸው ይሆን? ወይስ የክፍል ጓደኞቼ እየቀለዱብኝ ነው? ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የሚስቅ የለም።

ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል አይደል? ጥርጣሬዬን ዋጥ አድርጌ ጓንቴን አጠለቅኩ። ማደንዘዣውን ሳነሳ ዓይናቸው ተከተለኝ።

"ተይው... መርፌ አላስለመድሽኝም።"

ምን ማለታቸው ነው? ሕመም እችላለሁ ለማለት ይሆናል ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት።

አፋቸውን ከፈቱ።

መንጋጋቸው ቀጭ... አለ።

"ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ" አልኩ እንደ ልማዴ።

"የቱን እጄን ነው፣ ልጄ?"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

መሰርሰሪያው ጥርሳቸውን ሲነካ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። የሚረጨው ውሃ ጉሮሯቸው ድረስ ይወርዳል፤ አይውጡም፣ አያስሉም። መብራቱ ዓይናቸው ላይ ቢያርፍ እንኳ አያርገበግቡትም።

ከምቦረቡረው ጥርስ ጎን ያለው ላይ ደግሞ ጭረት አለ። እጇ ያልጠና ተማሪ መሰርሰሪያው ሲያመልጣት የምትጭረው ዓይነት።

ቦታውን አውቀዋለሁ። ጋሼ ላይ የጫርኩት እኔው ነኝ...

ትቼ መውጣት ነበረብኝ። ግን ዓመቱን ልድገም? እናቴን ምን ልበላት? እየፈራሁ ቀጠልኩ።

በግራ ዓይናቸው አንድ እንባ ወረደ። እጅ ግን አልተነሳም።

ሲሚንቶ መጣ። እሱ ሰውን የሚያየው ከከንፈር ወደ ውስጥ ነው፤ ፊት አይቶ አያውቅም። ሙሌቱን በመስታወቱ አየና፣ "ጥሩ ሠርተሻል፤ አልፈሻል" ብሎኝ ወደ ቀጣዩ ወንበር ሄደ።

አልፈሻል! ስንት ወር የጓጓሁለት ቃል፣ ደስ እንኳ አላለኝም።

እጄን ታጥቤ ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። መደገፊያውን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው የተኛበት አይመስልም።

ወደ መለማመጃው ክፍል ሮጥኩ።

ጭንቅላቶቹ ሁሉ እንደተውናቸው አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። የጋሼ አፍ ብቻ ተዘግቷል። ግራ ጉንጩ እርጥብ ነው።

ቀስ ብዬ መንጋጋውን ሳብኩት።

ቀጭ...

ሙሌቱ አለ። አሁን የሠራሁት። ጎኑ ያለው ጭረትም አለ።

ዓመቱን ሙሉ እየሳቅኩ የቦረቦርኩት ጥርስ ሁሉ በዓይኔ ዞረ።

"ጋሼ..." አልኩ። "ያምዎት ነበር እንዴ?"



አገጩ ሥር የታሰረው ጨርቅ... ከሥሩ ከብረቱ በቀር ምንም የሌለው ጨርቅ... በግራ በኩል፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ላይ መነሳት ጀመረ።