አውራውን ማን ጠየቀው?

በመንዝ ሰማይ ጠቀስ ጋጣ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ ጠዋት ጠዋት በጎች አሳንሰር ይጠብቃሉ። ይሰለፋሉ፣ አይጋፉም፤ ከሰው ይሻላሉ። አንድ ሙክት ቁልፉን በአፍንጫው ተጭኖ ጣሪያ ድረስ ወጣና ደመና ግጦ ተመለሰ እያለ የጋጣው የበግ መርማሪ ደባልቄ ይምላል። ደባልቄ ሳይዋሽ ከዋለ ምግብ አይረጋለትም።

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። «ደም አንባቢ» የሚባለው መሣሪያ ከበግ ጆሮ አንዲት ጠብታ ወስዶ በደሙ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ይለያል፤ ብረት የሚሸከመውን ለብቻ፣ አየር የሚሸከመውን ለብቻ። መልካቸው ከበግ በግ ስለሚለያይ፣ ያንን አይቶ ማን መንታ እንደምትወልድ፣ ማን መካን እንደሆነ ይናገራል። ሦስት ዓመት ባዶዋን የከረመች በግ ግን ደሟ ምንም ቢል፣ መርማሪው መሣሪያው ትክክል ነው ብሎ ካልመሰከረ በስድስት ሰዓት አሳንሰሩ ወደ ምድር ቤት ያወርዳታል። ምድር ቤቱ ቄራ ነው።

የዛሬዋ ተረኛ የእማማ አስካለ ዳለቻ በግ ነበረች። ያለቻቸው እሷው ብቻ ናት።

«ሦስቱንም ዓመት መሣሪያህ መንታ ትወልዳለች አለ» አሉ እማማ አስካለ፣ አንገቷን አቅፈው። «እንግዲህ ውሸታሙ ማነው? እሱ ነው እሷ?»

«ውሸታም መለየቱን ለእኔ ይተዉት፣ እማማ። የሙያ ባልደረባ አይደለን!» አለና መሣሪያው ይዋሽ እንደሆነ ለማየት የገዛ ጣቱን ወግቶ ለመሣሪያው አጎረሰው።

ደም አንባቢው ትንሽ አጉረመረመ። «ወንድ። ዘር የለውም።»

ደባልቄ በሳቅ ፈረሰ። «አዩልኝ? አብዷል!»

እማማ አስካለ አልሳቁም። «ስንት ልጆች አሉህ?»

«እኔማ... ሚስቴ መካን ነበረች፤ ፈታኋት።»

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ጥግ አመለከቱ። እዚያ ቀንዱ ሦስት ጊዜ የተጠማዘዘ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል የታሰረለት፣ ዳለቻዋ ሦስቱን ዓመት አብራው ያደረችው አውራ በግ ቆሟል። «እሱንስ ወግተኸው ታውቃለህ?»

«አውራ በግማ በቀንዱ ነው የሚመረጠው፣ እማማ! ምን ሲደረግ ይወጋል?»

ወጋው። «ወንድ። ዘር የለውም።»

መዝገቡን ከፈተ። ከዚህ አውራ ጋር ሦስት ሦስት ዓመት ያደሩ አሥራ ዘጠኝ በጎች ባዶ ቀርተዋል። አሥራ ዘጠኙንም በገዛ እጁ እየገፋ አሳንሰር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ስድስት ሰዓት ሆነ። የአሳንሰሩ በር ተከፈተና እንደ ልማዱ ጠየቀ፦ «ደም አንባቢው ተበላሽቷል ወይስ ትክክል ነው? መርማሪው በቃሉ ይመስክር።»

ተበላሽቷል ካለ ዳለቻዋ ትወርዳለች። ትክክል ነው ካለ ስለ እሱም ትክክል ነው።

ደባልቄ የፈታትን ሚስቱን ማንጠግቦሽን አሰበ። በትዳራቸው በሰባተኛው ዓመት ሽማግሌዎች ፊት አቁሟት፣ «እሷ ላይ ዘር መዝራት ጨረቃ ላይ ጤፍ መዝራት ነው» ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ ደግማ ስትጠቀልል ነበር። እሱም ያንን ቀልድ ስንት ድግስ ላይ ደገመው!

«ልጄ» አሉ እማማ አስካለ ቀስ ብለው፣ «በሩ እየጠበቀህ ነው።»

«ትክክል ነው» አለ።

«አልተሰማም» አለ አሳንሰሩ።

«ትክክል ነው አልኩህ! አውራውም መካን ነው፤ እኔም!»

በሩ ባዶውን ተዘጋ። ከኋላው የተሰለፉት በጎች ሁሉ የሚያዩት መሰለው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማማ አስካለ በጋቸውን እየነዱ ሄዱ።

ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ አስቀመጠው። በሦስተኛው ደወለ።

«ማንጠግቦሽ... መካኑ እኔ ነበርኩ።»

«ይኼ ደግሞ ለየትኛው ድግስ ያዘጋጀኸው ነው?» አለችው።

ደባልቄ አፉን ከፈተ። ለውሸት ሺህ መሐላ ያውቅ ነበር፤ ለእውነት የሚሆን አንድም አልነበረውም።