ገመዱ ያልተፈታው ካሜራ

ሰውየው ከጣሪያ ወድቆ ሲሞት፣ ሻጯ ታች ሱቁ ውስጥ ለአንዲት እናት ካሜራ እያስመረጠች ነበር።

«ለጉዞና ለልጆች ፎቶ ከሆነ ትንሹ ይበቃዎታል» አለቻት። «ትልቁን ገዝተው በክብደቱ ተማርረው ቁም ሳጥን ውስጥ ከሚቆልፉበት፣ ከእጅ የማይለየው ይሻላል።»

ከጓሮ በኩል አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ።

«ምንድን ነው?» አለች እናትየዋ ደንግጣ።

«ጎረቤቶቻችን ቤት እያደሱ ነው፤ የሲሚንቶ ከረጢት ጥለው ይሆናል።» ሻጯ ወደ ካሜራው ተመለሰች። ባትሪውን አውጥታ አሳየቻት፤ መልሳ ከተተችው። ያኔ ከዚያው ከጓሮ ሌላ ቀለል ያለ ነገር ቀጭ ብሎ ሲሰባበር ተሰማ። ይሄ እንኳን ሲሚንቶ አይደለም። መስታወት ነው፤ ካሜራ ሱቅ ውስጥ የመስታወት ስብራት የሰማ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ አይቀርም።

ጓሮ ስትደርስ አሠሪዋ፣ እሷ «ጋሼ» የምትለው ባለ ሱቅ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከጎኑ አንዲት ጥቁር ካሜራ ተሰባብራ ወድቃለች። ሻጯ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጎረቤት ሲግተለተል ግን እሷ እዚያ አልቆመችም፤ ደረጃውን በሩጫ ወጣችው። የሱቁ ካሜራ ጠጋኝ ታናሽ ወንድሟ ነው። ጥቃቅን ብሎን የሚፈታው ጣሪያው ላይ በፀሐይ ብርሃን ነው። ጠዋት ደግሞ «ሥራ ልለቅ ነው» ብሎ ከጋሼ ጋር ሱቁ እስኪናወጥ ተጨቃጭቀዋል።

ጣሪያው ላይ ማንም የለም። ከጎን ያለው የሚታደሰው ቤት ጣሪያ በአንድ እርምጃ የሚደረስ ነው፤ እዚያም ማንም የለም። ከሱቁ ጣሪያ የብረት አጥር ሥር ግን የወንድሟ ካቻቢቴ፣ እጀታዋ በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለችው፣ ወድቃ አየቻት። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ! ግራ ቀኝ አይታ ካቻቢቴዋን ኪሷ ከተተችና ወረደች። ከዚያ በኋላ እጇ ከኪሷ አልወጣም።

መርማሪዋ ጸጉሯ ሸበት ያለ፣ ለምንም ነገር የማትቸኩል ሴት ነበረች። እንደ ደረሰች የሱቁ መስኮት ፊት ለፊት ቆማ ቀረች። መስኮቱ ከላይ እስከ ታች ፎቶ ተለጥፎበታል፤ ሕፃናት፣ ሙሽሮች፣ ባሕር ዳር የተቀመጡ ሽማግሌዎች።

«እመቤቴ፣ ሬሳው ጓሮ ነው» አላት ፖሊሱ።

«ሬሳው የትም አይሄድም» አለችው። ከዚያ ወደ ሻጯ ዞረች። «እነዚህ ሁሉ የሟች ዘመዶች ናቸው?»

«አይደሉም። የምንሸጠው ያገለገለ ካሜራ ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ የሰው ፎቶ ተረስቶ ይመጣል። ጋሼ አይደመስሰውም። አሳጥቦ እዚህ ይለጥፈዋል፤ ባለቤቱ ሲያልፍ ሲያገድም አይቶ እንዲወስደው። ‹ካሜራ ሌላ ይገዛል፤ ልጅ የመጀመሪያ ጥርሱ ሲወልቅ የተነሣው ፎቶ ግን ከየት ይገዛል?› ይላል።» «ይል ነበር» ማለት አቃታትና ዕንባዋ ቀደማት።

«ይህኛውን ፀሐይ አላደበዘዘውም» አለች መርማሪዋ። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን አቅፋ አውቶቡስ ፊት ቆማለች፤ ከኋላቸው ተሳፋሪ ይተራመሳል።

«ዛሬ ጠዋት የለጠፈው ነው።»

መርማሪዋ ጓሮ ገብታ ሟቹን አየች፤ እጆቹንም አገላብጣ አየች። የተሰበረችውን ካሜራ ከነታሰረው ገመዷ አንሥታ ካርዷን አወጣችና በሱቁ ኮምፒውተር አስከፈተች። ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ማዶ ያለ የውኃ ታንከር፣ ጠርዙ ሁሉ የተቦጫጨቀ።

«ግልጽ ነው» አለ ፖሊሱ። «ካሜራ ሲሞክር ተንጠራራ፤ ወደቀ።»

«ይሆናል» አለች መርማሪዋ። ያመነች ግን አትመስልም። ሻጯን ጠጋ አለቻት። «ልጄ፣ እስቲ ገዢ ነኝ እንበል። እናቴን ይዤ መንገድ ልወጣ ነው፤ የልጅ ልጆችም አሉ። አቅሜ ትንሽ ነው። የቱን ትመርጪልኛለሽ?»

ሻጯ ሴትየዋ የቀለደችባት መሰላት። ቢሆንም ልማድ ነውና ከመደርደሪያው አንዱን አነሣች። የካሜራውን ገመድ ቀድማ እጇ አንጓ ላይ አስገባች።

«ገመዱን ምነው አስቀደምሽ?»

«ጋሼ ነው ያስለመደን። ገመዱን ሳናስገባ ካሜራ ከነካን ያ ቀን ቀብራችን ነው...» ብላ በራሷ አፍ ደነገጠች። «ይቅርታ።»

«ግድ የለም። ካሜራው ላይ የተለጠፈችው ይቺ አረንጓዴ ወረቀትስ?»

«ጋሼ አይቶታል ማለት ነው። ሌንሱን ጠርጎ፣ የውሸቱን ዙም አጥፍቶ ነው የሚለጥፋት። ሌንሱ የሚችለውን አጉልቶ ሲጨርስ ስክሪኑ በጉልበት መጎተት ይጀምራል አይደል? እሱን ነው የውሸት ዙም የሚለው። ፎቶው አይጥ የበላው ጨርቅ ይሆናል። ጋሼ ያላየው ካሜራ መደርደሪያ አይወጣም።»

«ያላየው አሁን ሱቁ ውስጥ አለ?»

«የለም። አዲሱ ሻንጣ ገና አልመጣም። ‹በመርከብ መጣ› እያለ የሚያመጣልን ሸሪኩ ነው።»

«ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?»

«መሐረብ» አለች ሻጯ። መርማሪዋ አልገፋቻትም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

የሟች ሚስት እዚያው ቤት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበረች፤ ሰው ደግፏት ወረደች። «ካሜራ እዚያ ጣሪያ ላይ ነው የሚሞክረው፤ ሰፈር ሁሉ ያውቃል» አለች። «የሠርጋችን ዕለት እንኳ ገመዱን ሳላስገባ ካሜራ ብይዝ በቬሎዬ ገላምጦኛል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው እንዴት ይወድቃል?»

ጠጋኙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሬሳውን ሲያይ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ።

«የት ነበርክ?» አለችው መርማሪዋ።

«ተናድጄ ስዞር።»

«ማን አየህ?»

«ማን ያየኛል?»

«መሣሪያህ ሁሉ አለ?»

ኪሱን ዳበሰ። «ካቻቢቴዬ የለችም። ጠዋት ጣሪያው ላይ ስሠራ ረስቻት ይሆናል።»

«ጣሪያውን ፈትሸናል፤ ምንም የለም» አለ ፖሊሱ፣ የእጅ ሰንሰለቱንም አወጣ። ሻጯ የወንድሟ እጆች ሲታሰሩ እያየች ኪሷ ውስጥ ያለችውን ነገር ጨበጠቻት። ብታወጣት ወንድሟ ለመግደሉ ማስረጃ ትሆናለች፤ ብትደብቃት «ረስቻት ይሆናል» ያለው ቃሉ ውሸት ይመስላል። በእጇ ካቻቢቴ ሳይሆን የወንድሟን አንገት የያዘች መሰላት።

ሸሪኩ መጨረሻ ደረሰ። ከሚስቲቱ በላይ አለቀሰ። «ዛሬ እግሬ ይህን ሱቅ አልረገጠም» አለ ለመርማሪዋ። «ሻንጣው ይኸው መኪናዬ ውስጥ ነው። ምነው ቀድሜ በመጣሁ!»

«እርስዎ ያውቁ ይሆናል» አለችው። «ለመንገድ ርካሽ ካሜራ ፈልጌ ነበር።»

ፊቱ በራ። «ቁጥሩን ነው ማየት! መቶ እጥፍ የሚያጎላ አለኝ። ሌላው ወሬ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለችው፤ ሚስቲቱን ልታጽናናም ዞር አለች።

ያኔ ሸሪኩ ሻጯን ጠጋ አላት። «አይዞሽ እህቴ» አላት በሹክሹክታ። «አንቺ ጋሼ ጠዋት በስልክ ‹ና፣ ጣሪያው ላይ ብቻችንን እናውራ› እንዳለኝ አታንሺ። እኔም የወንድምሽን ቀይ ካቻቢቴ አላነሣም። ተግባባን?»

አንገቷን ነቀነቀች። ጋሼ ሲደውል አጠገቡ ነበረች፤ ፊቱ እንዴት ጠቁሮ እንደነበርም አይታለች። ግን ምን ታድርግ? የራስ ወንድም ነው።

መርማሪዋ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱን ወንበር ሰጠቻት። ጠጋኙ ጥግ ላይ ከነሰንሰለቱ ቆሟል። ሸሪኩ ከበሩ አጠገብ ነው።

«ሰውየው በራሱ አልወደቀም» አለች። «ሻጯና ደንበኛዋ እንደ ነገሩን የሰሙት ሁለት ድምፅ ነው። መጀመሪያ ሰው ወደቀ። ከዚያ እነዚህ ሰዎች አውርተው፣ ባትሪ አውጥተው መልሰው ከከተቱ በኋላ ካሜራ ወደቀ። ሰው በእጁ ይዞት የወደቀ ዕቃ እሱ መሬት ከደረሰ በኋላ አየር ላይ አይቆይለትም።»

ሚስቲቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ካሜራዋን የወረወረ ሌላ ሰው ነው። ማን? የካሜራዋ ገመድ አልተፈታም፤ እንደ ተጠቀለለ በላስቲክ ታስሯል። በዚህ ቤት የሠራ፣ እዚህ ቤት ያገባ እንኳ ገመዱን ሳይፈታ ካሜራ አያነሣም። ፎቶውም በውሸቱ ዙም የተነሣ ነው። ሟቹ በሞት አፋፍም ቢሆን አያደርገውም። አደጋ ይምሰል ብሎ ቸኩሎ ያነሣው፣ ስለ ካሜራ ዋጋውን እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ወሬ ነው» አለ ሸሪኩ።

«አሁን ወደ ፍሬው ልምጣ። ካሜራዋ አረንጓዴ ወረቀት የላትም። ያልታየ ካሜራ ደግሞ ዛሬ ሱቁ ውስጥ አልነበረም፤ ያለው እርስዎ ሻንጣ ውስጥ ነው። ዛሬ እግርዎ ካልረገጠ ካሜራዋ በክንፍ መጣች?»

ሸሪኩ ሳቅ አለ። «አንዷን ትናንት መንገድ ላይ ሰጥቼዋለሁ። ረስቼው ነው። አልሰጠኸኝም የሚል ካለ ይነሣ!» ብሎ ወደ ጓሮው አመለከተ። ከዚያ ሻጯን አያት። አስተያየቱ ስለት ነበረው።

ሻጯ ዓይኖቿን ወደ ወንድሟ መለሰች። ሸሪኩ አመለጠ ማለት ነው። ወንድሟ ደግሞ በሰንሰለት። ያ ሹክሹክታ መልሶ መጣባት፤ «የወንድምሽን ቀይ ካቻቢቴ»። ቆይ እንጂ። ጣሪያው ላይ እሷ ብቻዋን ነበረች። ያነሣችውን ማንም አላየም። ታዲያ ይህ ሰው ካቻቢቴዋ እዚያ እንደነበረች በምን አወቀ?

ካቻቢቴዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«ዋሽቻለሁ» አለች። «ይቺን ጣሪያው ላይ አግኝቼ ደበቅኋት። ለማንም፣ ለወንድሜም አልነገርኩም። እሱ ግን አሁን ‹ቀዪቱን ካቻቢቴ አላነሣም፤ አንቺም ጋሼ ጣሪያ ላይ እንደ ጠራኝ አታንሺ› አለኝ። ከእኔ በፊት እዚያ ያልነበረ ሰው እንዴት ያውቃታል?»

ሸሪኩ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሲል ፖሊሱ ቀድሞ ቆመበት።

«ይቺን ነበር የጠበቅሁት፤ ጎበዝ» አለች መርማሪዋ። «የቀረው ለምን የሚለው ነው። እሱን ሟቹ ነግሮናል።» መስኮቱ ዘንድ ሄዳ የእናትየዋንና የሁለቱን ልጆች ፎቶ ልጣ አመጣች። «ከኋላ ያለውን ተመልከቱ።»

ተሳፋሪው መሃል፣ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ፣ ሸሪኩ ቆሟል። ሌላው ሰው ሁሉ መንገዱን ወይም ካሜራውን ያያል፤ እሱ የእናትየዋን ቦርሳ ያያል።

«በመርከብ መጣ ያሉት ካሜራ ከመንገደኛ የተሰረቀ ነው። ሟቹ ቤተሰቡን ፍለጋ ፎቶውን ለጠፈ፤ ከዚያ ፎቶው ውስጥ እርስዎን አየ። ለብቻዎ ጠርቶ ሊነግርዎት ፈለገ፤ ጓደኛ ነዎታ። ሰው እንዳያይዎት በጎረቤት ጣሪያ ተሻግረው መጡ፤ ገፍተው ጣሉት፤ በዚያው ተመለሱ። አሁን ሲገቡስ በዚህ መስኮት አጠገብ አልፈው አላዩትም?»

ሸሪኩ ፎቶውን አፍጥጦ አየው። ያን ሁሉ ካሜራ ሲሸጥ ኖሮ፣ አንድ ፎቶ እንኳ በወጉ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሰንሰለቱ ከጠጋኙ እጅ ወደ እሱ እጅ ተላለፈ።

ሰዉ ሲበተን ወንድምና እህት ሱቁ ውስጥ ቀሩ። ጠጋኙ የተላጠ እጁን እያሸ ካቻቢቴውን አነሣት።

«እታለም» አላት። «ለምን ደበቅሻት?»

«ፈርቼ።»

«ለእኔ ፈርተሽ ነው፣ ወይስ እኔን ፈርተሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ዋሽታ የለ። «ሁለቱንም» አለችው።

ፊቱን አዞረባት። እሷም አላባበለችውም፤ መብቱ ነው። በመጨረሻ ካቻቢቴዋን ኪሱ ከተተና የጋሼን የሥራ ወንበር ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ ፎቶውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ለእሷ ሰጣት።

«መልሰሽ ለጥፊው» አላት። «የእነዚያ ልጆች እናት ትፈልገው ይሆናል።»

«መርማሪዋ ለማስረጃ ትወስደዋለች።»

«እንግዲያው ፎቶው የወጣበት ካርድ አለ፤ ሌላ እናሳጥባለን» አለ። መብራቱን ሊያጠፋ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።