ከውጭ የተቀረቀረው በር

ሳጅን ዓይናዲስ ከሮብ ገበያ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ አሥራ አንዱ ዶሮዎች ቤታቸው ውስጥ ሞተው እንደወደቁ ነበሩ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ማንም እንዳይነካቸው ከማለዳ ጀምረው ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ግቢ ድምፅ የሚያሰሙት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

«ገዳሙ ነው» አሉ። «ገብሴን ጫሩብኝ ብሎ ከዛተ ሳምንት አልሞላውም።»

ጎረቤታቸው ገዳሙ ዱላውን ጨብጦ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ጣቢያው ሳጅኗን የላካት በዶሮ የተጀመረው ጠብ በሰው እንዳያልቅ ነው።

«መዛቱንስ ዝቻለሁ» አለ ገዳሙ። «እዚህ ግቢ ግን እግሬን አላስገባሁም።»

ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ አየች። የሁሉም አንገት ተነክሷል፤ የሸለምጥማጥ ሥራ ነው። ቤቱ ግን አምና ሸለምጥማጥ ሲያስቸግር የተሠራ ነው። የሽቦ ወንፊቱን ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ አልተቀደደም። ከሥሩም ድንጋይ ተነጥፏል፤ የተቆፈረ የለም።

«በሩ ጠዋት እንዴት ነበር፣ እማማ?»

«እንደ ማታው፤ ከውጭ ተቀርቅሮ።»

እናቷን ልትጠይቅ ከማርቆስ ከተማ የመጣችው ሂዊ ጥቁር ዶሮ ታቅፋ ከቤት ወጣች።

«ይቺስ እንዴት ተረፈች?»

«እግሯን አሟታል ብላ ሂዊ ማታ ቤት አስገባቻት እንጂ» አሉ እናትየው። «በእጄ ያሳደግኋት ናት።»

ሳጅኗ ዶሮዋን ተቀብላ መሬት ላይ አኖረቻት። ዶሮዋ ምንም ሳታነክስ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሂዊ አንገቷን ደፋች።

«ሁላችሁም ቅረቡ» አለች ዓይናዲስ። «ሸለምጥማጥ በር አይቀረቅርም። ማታ ከፍቶ ንጋት ላይ የዘጋ ሰው አለ። ጠላት ቢሆን ለመዝጋት ምን መለሰው? በሩ ክፍት ቢገኝ እማማ ‹ረስቼው ነው› ብለው ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር። የዘጋው ሰው ይህን ማየት አልቻለም። የሚወዷትን ዶሮም አስቀድሞ አውጥቷል። ጠላት እንዲህ አይራራም።»

ገዳሙ ዱላውን ዝቅ አደረገ። ሂዊ ማልቀስ ጀመረች።

«ማርቆስ መጥተሽ አብረን እንኑር ስልሽ ‹ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ› ትይኛለሽ። ክረምት ላይ ታመሽ ሦስት ቀን ስትተኚ ማን አወቀ? እንቅልፍ የለኝም እኮ፣ እማዬ!»

አሮጊቷ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አንቺ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ነው የምትገቢው» አሉ። «በዚያች አንድ ክፍል ከግድግዳው ጋር ላውራ?»

እናትየው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «በከንቱ አማሁህ፤ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ገዳሙና ዶሮዎቹን ሊቀብር ዶማ ፍለጋ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዓይናዲስ ወደ መንገዱ ስትወጣ እናትና ልጅ ተራርቀው ቆመው መኪና ይጠብቃሉ። መኪናው ሲቆም አሮጊቷ የልጃቸውን ነጠላ አስተካከሉላት።

«ስትደርሺ ደውዪልኝ» አሏት።