ቆሞ የተነገረ መርዶ

«የትኛው ነው?» አለ ኢሳ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ባዬ ዙሪያውን ቃኘ።

ቡሬ ላይ የተከፈተው የዕቃ ማንሻ ማሽኖች ባዛር የመጨረሻ ቀኑ ነው። ኢሳ የፎርክሊፍት ሾፌር መስሎ ገብቷል። እውነተኛ ስሙ ይታገሱ ነው፣ የማንኩሳ ልጅ። ለሚሠራበት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ «ቀንበር»። ከተደረደሩት ቢጫ ፎርክሊፍቶች የአንዱ፣ ሸክም ሲያነሳ ወደ ፊት እንዳይደፋ ከኋላ የሚጫንበት ከባድ ብረት ተቦርቡሮ ፈንጂ ታጭቆበታል። ዛሬ ካልተያዘ የት እንደሚፈነዳ እግዜር ይወቅ። የትኛው እንደሆነ ሊነግረው የመጣው የረጅም ዘመን ባልደረባው ባዬ ነው።

«እናትህ ዐርፈዋል» አለ ባዬ፣ እጁን ኪሱ እንደከተተ። «ቀብሩ ዛሬ ነው። ሂድ፣ ይኼን ለእኔ ተወው።»

 ይታገሱ እንባውን እየዋጠ እስከ ባዛሩ በር ሄደ። የማንኩሳ ሚኒባስ ማዶ ቆሟል።

ድንገት ቀጥ አለ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ቤት ድረስ ሄደው፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። ባዬ የጅጋ ልጅ ነው፤ ወጉ አይጠፋውም። የሰው እናት ሞት በግርግር መሀል ቆሞ የሚያወራ ጎጃሜ ውሸቱን መሆን አለበት።

ባዬ ተሸጧል።

ተመለሰ። ለገዢዎች የሚያሳይ መስሎ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየወጣ የበቆሎ ጆንያ ክምር ማንሳት ጀመረ። የመጀመሪያው ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግን ገና ሸክሙን ከፍ ሲያደርግ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ።

ኋላው ቀሏል፤ ብረቱ የተቦረቦረው ይኼኛው ነው።

«አውርድ!» ባዬ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።

ይታገሱ ኮፍያውን ወረወረ። በዚህ ምልክት፣ በገዢዎቹ መሀል ሲቪል ለብሰው የሚጠብቁ ፖሊሶች ባዬን ከኋላ አነቁት።

«አልዋሸሁህም እኮ» አለ ባዬ፣ ሲወስዱት።

በማግስቱ ማንኩሳ ድንኳን ተተክሎ ነበር። እህቱ ሸጋዬ ውስጥ ሆና ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። መግባት አልቻለም። ባዬን የገዙት ሰዎች ገና አልተያዙም፤ የሟቿ ልጅ መሆኑ ከታወቀ እህቱን አይምሯትም።

«አባቴ፣ ማን ዐርፎ ነው?» ሲል ጠየቀ፣ ደጅ የተቀመጡትን ሽማግሌ። ከማንኩሳ በልጅነቱ ወጥቷልና አላወቁትም።

«እትየ ያምሮት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። እህቱ ‹ይመጣል፣ ሳይደርስ አፈር አታልብሷት› ብላ ስለለመነችን እስኪመሽ አቆየናቸው። ቀረ።»

 «ምነው ትናንት ያንን ሚኒባስ በተሳፈርኩ» አለ ይታገሱ በልቡ።

«እግዜር ያጥናችሁ።»

«አሜን። የማን ልጅ ልበል?»

«መንገደኛ ነኝ። ኢሳ እባላለሁ።»

«ተባረክ፣ ሳታውቀን አጽናናኸን። እናትህን ያቆይልህ።»

«አሜን» አለ ይታገሱ። ወደ አስፋልቱ ወጥቶ፣ ባዬን የገዙትን ሰዎች ፍለጋ ወደ ባዬ አገር የሚሄደውን የጅጋ ሚኒባስ ተሳፈረ።